በርሜሉ ላይ 1888 የሚል የቤተሰብ ጠመንጃ፦ ዝገቱን ከማስለቀቅህ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመንዝ ነው። አባቴ ሲያርፍ የቅድመ አያቴ ጠመንጃ እኔ ዘንድ ቀረ። ቤተሰቡ ምንሽር ይለዋል። ቅድመ አያቴ ዓድዋ ላይ ከጣሊያን እጅ የማረከው ነው ይባላል። በርሜሉ ላይ በላቲን ፊደል ‹ቶሬ አኑንዚያታ› የሚል ጽሑፍ አለ፤ አጠገቡ 1888 ይላል። ዘመዶቼ ‹ይኸው የዓድዋ ዓመት ተጽፎበታል› ይላሉ። አጎቴ ልጅ ሆኖ እንዳየው፣ ስድስት ጥይት በአንድ ቆርቆሮ ታቅፎ አንድ ላይ ይገባበት ነበር። አሁን በጣም ዝጓል። የሰደፉ አንገት በጠፍር ተጠፍሯል። ሰደፉ ላይ በቢላ የተበጁ አምስት ቁርጦች አሉ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አስለቅቄ፣ ጠፍሩን ፈትቼ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ ቀብቼ ሳሎን ልሰቅለው አስቤያለሁ። ፈቃዱ በአባቴ ስም ነበር። ከምን ልጀምር? የዓድዋ መሆኑንስ እንዴት ላረጋግጥ?»

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ደብዳቤህን ሳነብ የደነገጥኩት «ጠፍሩን ፈትቼ» ስትል ነው። እባክህ ጠፍሩን አትንካው። የብርጭቆ ወረቀቱንም መልሰህ አስቀምጥ። ሁለት ነገር ነው የጠየቅከኝ፤ አንዱ እድሳት፣ ሌላው ታሪክ ፍለጋ። በእኔ እምነት ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። የዚህ ጠመንጃ ታሪክ ያለው ላዩ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ልታነሳው ያሰብከው ይህንኑ ላዩን ነው።

ከሁሉ በፊት ሕጉን እንጨርስ። ፈቃዱ በአባትህ ስም ከነበረ አንተን አይሸፍንህም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» የሚለው መልስ ያድነኛል ብለህ አትዘናጋ። የአባትህን ፈቃድና የውርስ ማስረጃ ይዘህ መጀመሪያ በአካባቢህ ወዳለው ፖሊስ ሂድ። ጠመንጃውን ራሱን ይዘህ አትዙር። ወረቀቱን ይዘህ ሂድና እነሱ እንዴት አምጣ እንደሚሉህ ስማ። ለባለሙያ ልታሳየው ብትፈልግም ከዚህ በኋላ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ አትዘንጋ፤ ያንን የድሮ የፈቃድ ወረቀት እንዳትጥለው። በኋላ ለታሪክ ፍለጋው ከሚያስፈልጉህ ወረቀቶች ዋናው እሱ ነው።

ቀጥሎ ጥይት። ጠመንጃው ጥይት ጎርሶ ይሆናል ብለህ ነው መነሳት ያለብህ፣ አልጎረሰም ብለህ አይደለም። በየቤቱ ጣሪያ ሥር ለብዙ ዓመት የተሰቀለ ጠመንጃ ውስጥ ጥይት ተረስቶ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ባሩድ ደግሞ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ዕድሜ አይገድለውም። ማቀባበያው የሚከፈት ከሆነ ከፍተህ መጉረሻውንም ካዝናውንም በባትሪ እይ። በዝገት ተጣብቆ እምቢ ካለ በመዶሻ አትምታው፣ በእሳት አታሙቀው። አፈሙዙን ከራስህም ከሰውም አዙርና፣ ጎን ቆመህ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በቀስታ አስገባ። ሲቆም አፈሙዙ ጫፍ ላይ ዘንጉን ምልክት አድርግ። አውጣውና ከውጭ በርሜሉ ላይ አስተኝተህ ለካው። ዘንጉ ማቀባበያው ፊት ድረስ ካልደረሰ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ያኔ እጅህን ሰብስብና ለፖሊስ ንገር። ጥይት ከተጣበቀ ጠመንጃ ማውጣት በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ 1888 እንምጣ። ይህ ቁጥር ዘመዶችህን ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው ያሳስታል። ጣሊያኖች ብረታቸው ላይ የሚቀርጹት በራሳቸው አቆጣጠር ነው። የእነሱ 1888 በእኛ 1880 ወይም 1881 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የድሉ ዓመት አይደለም፤ በርሜሉ የተሠራበት ዓመት ነው። ከዓድዋ ስምንት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ቶሬ አኑንዚያታ ደግሞ ኔፕልስ አጠገብ ያለ ከተማ ነው። የጣሊያን መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ እዚያ ነበረው።

እዚህ ድረስ ቤተሰብህ ካወረሰህ ታሪክ ጋር ምንም ጠብ የለም። እንዲያውም ይበልጥ ያምራል። በዚያ ፋብሪካ በዚያ ዓመት ይሠራ የነበረው ጠመንጃ ቬተርሊ ይባላል። ጣሊያን በእነሱ 1891 አዲሱን ካርካኖ ለሠራዊቷ መርጣ ነበር። ቢሆንም ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ወታደሯ በእጁ የያዘው በአብዛኛው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። ለሱ የሚሆን ጥይት በመጋዘን ተከምሮ ስለነበር ነው። እኛ በማረክነው መሣሪያ ውስጥም ቬተርሊ በብዛት አለ። ስለዚህ «በእነሱ 1888 የተሠራ ቬተርሊ፣ ዓድዋ ላይ የተማረከ» ቢባል ማንም አይደነቅም።

ነገሩን የሚገለብጠው አጎትህ ነው። ስድስት ጥይት በአንድ ቆርቆሮ ታቅፎ ይገባበት ነበር አለህ። የዓድዋው ቬተርሊ ካዝና የሚይዘው አራት ጥይት ነው። ስድስት ጥይት በቆርቆሮ ታቅፎ የሚገባው የካርካኖ ነው። ታዲያ በቬተርሊ አካል ላይ የካርካኖ ካዝና ምን ያደርጋል?

ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግህም። እርሳስ ይበቃል። ጥይት አለመኖሩን ካረጋገጥክ በኋላ፣ ተራ እርሳስ ጫፉ ባልተቀረጸበት በኩል ወደ አፈሙዙ አስጠጋ። የተራ እርሳስ ውፍረት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የዓድዋው ቬተርሊ ጉሮሮ 10.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እርሳሱ እየተወዛወዘ ዘው ይላል። የካርካኖ ጥይት 6.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እርሳሱ በር ላይ ይቀራል። ካልገባ ደግሞ የአፈሙዙን ጫፍ በጨርቅ ጠርገህ ጎን ለጎን በባትሪ አብራበት። ቀለበት የመሰለ ቀጭን መስመር ታያለህ። በትልቁ በርሜል ውስጥ ሌላ ትንሽ ቱቦ እንደተሰካ የሚናገር መስመር ነው።

ያ መስመር ከታየ ጉዳዩ አለቀ። ጣሊያን ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በእነሱ ሜይ 1915፣ በእኛ ግንቦት 1907 ዓ.ም. ነው። ጠመንጃ አጠራት። መጋዘን ውስጥ የነበሩትን አሮጌ ቬተርሊዎች አወጣች። በርሜላቸውን ሰርስራ 6.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከተተችባቸው። የካርካኖ ዓይነት ካዝና ገጠመችላቸው። እነዚህን አጥኚዎች 1870/87/15 ብለው ይጠሯቸዋል። 1870 ጠመንጃው በጦሩ ተቀባይነት ያገኘበት፣ 1887 ካዝና የተጨመረለት፣ 1915 ጉሮሮው የጠበበት ዓመት ነው። ሥራው የተሠራው ጣሊያን አገር፣ በመንግሥቷ ወርክሾፖች ነው። ይህ ማለት ጠመንጃህ ከዓድዋ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ገና ጣሊያን እጅ ነበር ማለት ነው። ዓድዋ ላይ ተማርኮ መንዝ የገባ ጠመንጃ ተመልሶ ጣሊያን ሄዶ ሊቀየር አይችልም።

ይህን ስታነብ ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ። ግን ቆይ። ጠመንጃው የዓድዋ አይደለም ማለት ቅድመ አያትህ ዓድዋ አልዘመተም ማለት አይደለም። ቤተሰብህ ዋሽቷል ማለትም አይደለም። በየቤቱ የማየው ነገር ነው፤ ሁለት ዘመቻ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ጠመንጃ ይኖሩና በጊዜ ብዛት በአንድ ሰውና በአንድ ጠመንጃ ይጠቀለላሉ። ዕድሜ አስላ። ዓድዋ ሲዘምት የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው በ1928 ዓ.ም. ስልሳ ሊሞላው ነው። በዚያ ዕድሜው ጫካ የገባ አለ፤ ያልገባም አለ። ይህን ጠመንጃ የያዘው እሱ ሳይሆን ልጁ፣ ማለትም አያትህ፣ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰው ታሪክ ጎደለብህ ሳይሆን የሌላ ሰው ታሪክ ተጨመረልህ። ስሙ የተረሳ አርበኛ ቤታችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው።

እነዚህ የተቀየሩ ቬተርሊዎች ወደኛ የመጡት በዋናነት ለቅኝ ግዛት ወታደርና ለረዳት ጦር ነው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ሲገባ ከነጭ ወታደሩ ጎን ብዙ አስካሪ፣ ማለት ከቅኝ ግዛቱ የመለመለውን ወታደር፣ አሰልፎ ነበር። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከገባ በኋላም በየአውራጃው ባንዳ እየመለመለ አስታጠቀ። አዲሱ ካርካኖ ለራሱ ሰው፣ አሮጌው ለሌላው። ስለዚህ ጠመንጃህ ወደ መንዝ የገባበት መንገድ ብዙ ሊሆን ይችላል። አርበኛ ከአስካሪ ወይም ከባንዳ ማርኮት ይሆናል። የከዳ አስካሪ ይዞት መጥቶ ይሆናል። የአርበኛው ጦር መሣሪያ ያገኝ ከነበረባቸው መንገዶች ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲፈርስ ከተበተነው መሣሪያ የተገኘም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ በገንዘብ ወይም በከብት የተገዛም ይኖራል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ብረቱ ብቻውን አይነግርህም። እንጨቱና ሰው ናቸው የሚነግሩህ።

ለዚህ ነው ጠፍሩን አትንካ ያልኩህ። ጠፍር እርጥብ ሆኖ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይጨመታተርና እንጨቱን አንቆ ይይዛል። የሰደፍ አንገት የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ሰው ሲወድቅበት ወይም እንደ ዱላ ሲመታበት ነው። ያ ስብራት በፋብሪካ ሳይሆን በአገር ልጅ እጅ ተጠግኗል። የመንግሥት ጦር ቢሆን ሰደፉን በሌላ ይቀይረው ነበር። ጠፍር የሚጠፍረው መለዋወጫ የሌለው ሰው ነው፤ ጫካ ያለ ሰው። ይህ ማስረጃ ነው። ብትፈታው ሁለት ነገር ታጣለህ። አንደኛ፣ ያው ጠፍር ተመልሶ እንደነበረ አይጠፈርም። ሁለተኛ፣ ከሥሩ ያለው ስብራት ሊለያይ ይችላል። ዘይትም አታስነካው፣ ውኃም አታስነካው፤ ሁለቱም ያልሙታል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፍለት። በቃ።

አምስቱን ቁርጥም በእንጨት ሙጫ አትድፈን። ዘመዶችህ የጠላት ቁጥር ነው ሊሉህ ይችላሉ። የባለቤት ምልክትም ሊሆን ይችላል። ቁርጡን አይቶ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ የለም። አንተ ማድረግ ያለብህ ማን ምን እንዳለህ ከነስሙ መጻፍ ነው። «አጎቴ እንዲህ አለኝ፣ እሱ ከአባቱ ሰማ» ብለህ ጻፍ።

አሁን ወደ እድሳቱ። የመጀመሪያው ሥራ ዘይትም ጨርቅም አይደለም፣ ስልክህ ነው። ማታ መብራት አጥፋ። ጠመንጃውን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኛ። የባትሪ መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊተኛ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ አድርገህ አብራ። በቀን ያላየኸው ፊደል በጥላው ብቅ ይላል። መብራቱን ዞር ዞር እያደረግክ ከየአቅጣጫው አንሳ። በርሜሉ ላይ ከፋብሪካው ስም ሌላ ፊደልና ቁጥር ይኖራል፤ መለያ ቁጥሩ እሱ ነው። ሰደፉ በቀኝ በኩል ክብ ማኅተም ካለ፣ ቢደበዝዝም፣ እሱን ደጋግመህ አንሳ። እንጨቱ ላይ በቢላ ወይም በምስማር ጫፍ የተጫረ የግዕዝ ፊደል ካለ ደግሞ ወርቅ አገኘህ ማለት ነው። ሰው ስሙን የሚጭረው በራሱ ንብረት ላይ ነው።

እነዚህ ማኅተሞች ጥልቀታቸው እዚህ ግባ አይባልም። የብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ሲሄድባቸው ይጠፋሉ። እንደ መስታወት እስኪያበራ ተፈግፍጎ፣ ኒኬል ተነክሮ የመጣ ጠመንጃ አይቻለሁ። ባለቤቱ ደስ ብሎት ነው ያመጣው። ከየትኛው አገር፣ ከየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚነግረኝ አንድ ፊደል አልቀረለትም። በጣም ነው ያዘንኩት። ሰውየው ያደረገው በፍቅር ነው፤ ግን የአያቱን ፊርማ ነው የፋቀው።

ዝገት ሁለት ዓይነት ነው። ብርቱካናማው፣ ጣትህ ላይ ዱቄት የሚተወው፣ ሕይወት ያለው ዝገት ነው። ብረቱን አሁንም እየበላ ነው። እሱ መነሳት አለበት። ጥቁር ቡናማው፣ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ የማይረግፈው፣ ሥራውን የጨረሰ ነው። እሱ ይቆይ። ብረቱን ከአዲስ ዝገት ይከላከልለታል፣ ዕድሜውንም ይመሰክራል። የአንተ ዓላማ ብርቱካናማው እንዲጠፋ ብቻ ነው። ብረቱ ነጭ ሆኖ ከታየህ አልፈሃል።

ቀጭን የማሽን ዘይት በጨርቅ ቀብተህ ለቀናት ተወው። ከዚያ ያረጀ ካናቴራ ቀደህ ጥረግ። ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ደግመህ ቀባ፣ ደግመህ ጥረግ። ግትር ያለውን በቀርከሃ ስንጥር ወይም በመዳብ ቁራጭ ጫር ጫር አድርገው። ሁለቱም ከብረቱ የለሰለሱ ስለሆኑ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይጎዱም። እምቢ ላለው በጣም ደቃቁን፣ ቁጥሩ አራት ዜሮ የሆነውን፣ የብረት ሱፍ ዘይት አስነክተህ በቀስታ ተጠቀም። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክር። ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ግን ከጨርቅ በቀር ምንም አታስነካው። የሽቦ ብሩሽ፣ ግራይንደር፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የባትሪ አሲድ፣ ኮካ ኮላ፣ ሁሉም አይሆኑም። አሲድ ዝገቱን ሲያነሳ ብረቱንም ይነክሳል፤ ከዚያ ብረቱ ግራጫ ሆኖ ይቀርና በሳምንቱ እንደገና ይዝጋል።

መፍታት ያስፈልጋል ወይ? ካልቸገረህ አትፍታው። የድሮ ብሎን ጥርሱ ቀጭን ነው። የዛሬ ካቻቪቴ አፉ ወፍራም ስለሆነ ከላይ ከላይ ይይዝና አፈንግጦ የብሎኑን ራስ ያበላሸዋል። የግድ ከሆነ ካቻቪቴው ለጥርሱ ልክ እንዲሆን አስሞርደው። ዘይት አንጠባጥበህ አሳድረው። በየደረጃው ፎቶ አንሳ። እንጨቱ ከተነሳ በርሜሉ ሥርና የእንጨቱ ውስጥ ሌላ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ እንጨቱ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። ያ ራሱ ታሪክ ነው። የጎደለ ዕቃ ካለ ጎድሎ ይቆይ። ከሌላ ገንጥለህ አትሙላው።

እንጨቱ ብዙ አይፈልግም። ውኃ አስነክተህ በደንብ በጨመቅኸው ጨርቅ የእጅ ላቡንና ጥላሸቱን ጥረግ። ወዲያው አድርቀው። ቫርኒሽ እንጨቱን ያፍነዋል፤ ሲሰነጣጠቅም ለማንሳት እንደገና መፋቅ ይመጣል። ኑግ ዘይትና ቅቤ ደግሞ ይሻግታሉ፤ አቧራ ይይዛሉ፤ ብረቱንም ያዝጋሉ። በጣም ደርቆ ከተንጣጣ ብቻ ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት በጨርቅ አሽተህ ትርፉን ሙልጭ አድርገህ ጥረግ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውኃ ውስጥ ክተተው። መጨረሻ ላይ ብረቱንም እንጨቱንም የሙዚየም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን ረነሳንስ የሚባለውን ሰም ስስ አድርገህ ቀባ። ካጣህ ለብረቱ ስስ ዘይት ይበቃል።

ሳሎን መስቀሉ አይከፋም፤ ግን ከምድጃ ጪስና ከውጭ ግድግዳ እርጥበት አርቀው። በቆዳ ማኅደር ወይም በፕላስቲክ ጠቅልለህ አታስቀምጠው፤ ሁለቱም እርጥበት ያቁራሉ። በባዶ እጅ በነካኸው ቁጥር በዘይት ጨርቅ አብሰው፤ የጣት ላብ ብረት ላይ አሻራ ቆፍሮ ይቀራል። መተኮስ የሚለውን ሐሳብ ግን ከነጭራሹ አውጣው። የቬተርሊ አካል የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ጉልበት ነው። ጭስ አልባው የካርካኖ ጥይት ከሱ በላይ ይገፋል። ቱቦው መቶ ዓመት አልፎታል። የሚፈነዳው ፊትህ ላይ ነው።

ታሪኩን ፍለጋ ላይ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። መለያ ቁጥሩን ሮም ልከህ «ይህን ጠመንጃ ይዞ የነበረው እገሌ ነው» የሚል መልስ አትጠብቅ። ሮም ያለው የጣሊያን ጦር ታሪክ ክፍል መዝገብ ቤት የየጦር ክፍሉን የዕለት ውሎ ማስታወሻ ይዟል። ይህ የሚጠቅምህ የትኛው ክፍል መቼ መንዝ እንደነበረ ስታውቅ ነው። ያን የምታውቀው ደግሞ ከዚህ ጀምረህ ነው፣ ከሮም ጀምረህ አይደለም።

ስለዚህ ከአጎትህ ጀምር። «ይህ የዓድዋ ጠመንጃ ነው ወይ?» ብለህ አትጠይቀው። አዎ ይልሃል። «ማን ሲይዘው አየህ? የት ይሰቀል ነበር? ጠፍሩን ማን ጠፈረው? አያቴ በማን ሥር ነበር የዘመተው?» ብለህ ጠይቅ። የመጨረሻው ጥያቄ ቁልፉ ነው። በሸዋ በኩል፣ መንዝንና መርሐቤቴን ጨምሮ፣ የራስ አበበ አረጋይ ጦር ለዓመታት ተዋግቷል። በእሱ ሥር የነበረ የአካባቢ አለቃ ስም ካገኘህ ቦታና ዓመት ታገኛለህ። ፉከራውንም አስታውሰው። አያትህ በሠርግ፣ በለቅሶ ምን ብሎ ይፎክር ነበር? ሰው የዘመተበትን ቦታ፣ የጌታውን ስም፣ የጠመንጃውን ስም በፉከራው ውስጥ ያስገባል። ቤተሰብ ታሪኩን ቢያዛባ እንኳ ፉከራውን ቃል በቃል ይዞት ይገኛል። በስልክህ ቅዳው።

ከዚያ ወረቀት። የአባትህን ሣጥን አገላብጥ። የጠመንጃ ፈቃድ፣ የአርበኝነት ምስክር ወረቀት፣ ሜዳይ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ ምንም አትናቅ። የድሮ ፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥር በርሜሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ። ካልገጠመ ቤታችሁ ውስጥ ሌላ ጠመንጃ ነበረ ማለት ነው፤ ምናልባትም እውነተኛው የዓድዋው እሱ ነው። አዲስ አበባ ስትመጣ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ጎራ በልና የአያትህን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ስጣቸው። ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ስለ ሸዋ አርበኞች የተጻፈውን ለማንበብ ይረዱሃል። የአለቃውን ስም ሳትይዝ ከሄድክ ግን ትደክማለህ።

ሌሎቻችሁም ይህን የምታነቡ በየቤታችሁ ያለው ጠመንጃ ቬተርሊ ላይሆን ይችላል፤ ጥቂት ልበል። ውጅግራ ከሆነ፣ ማለት የፈረንሳዩ ግራስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ 1874 የሚል የሞዴል ስም አለው። ያ የሞዴሉ ዓመት እንጂ የተሠራበት አይደለም፤ የተሠራበትን በርሜሉ ላይ ፈልጉ። የዓድዋው ጦራችን በብዛት የያዘው ይህን ነው፣ ስለዚህ ለዓድዋ ታሪክ ከማንም በላይ ይቀርባል። ማነጣጠሪያው ላይ የዐረብ ቁጥር ያለበት ሬሚንግተን ከሆነ ግብፆች የያዙት ዓይነት ነው። አፄ ዮሐንስ ግብፅን ጉንደት ላይ በ1868 ዓ.ም. ኅዳር፣ ጉራዕ ላይ በዚያው ዓመት መጋቢት መግቢያ ሲያሸንፉ ብዙ ተማርኳል። በሩሲያ ፊደል የተጻፈበት በርዳን ከሆነ ከሞስኮብ የመጣ ነው። የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት ቤልጅግ ሞዘር ደግሞ ከጠላት የተማረከ ሳይሆን የራሳችን መንግሥት ከጦርነቱ በፊት ያስመጣው ነው፤ ቤታችሁ እንዴት እንደደረሰ ስትጠይቁ ከማይጨው ዘማች ጀምሩ። ካርካኖ ከሆነ ከዓመቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር ፈልጉ። የፋሺስቱ መንግሥት ዓመት የሚቆጥረው በእነሱ ኦክቶበር 1922 ሥልጣን ከያዘበት ነው። አሥራ አራት የሚል ካለ ከኦክቶበር 1935 እስከ ኦክቶበር 1936 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። አሥራ ስድስት የሚል ካለ ማይጨው ላይ ሊገኝ አይችልም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ስንዋጋ ገና አልተሠራም።

ገዢዎችም ተጠንቀቁ። «የዓድዋ ጠመንጃ» ተብሎ በድብቅ የሚሸጥ ነገር አለ። እንዲህ ያለው ግዢ በመሣሪያ አዋጁ ያስጠይቃል። ቅርስ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

ወንድሜ፣ ወደ አንተ ልመለስና፦ የፖሊሱን ጉዳይ ጨርስ። ጥይት አለመኖሩን አረጋግጥ። የእርሳሱን ሙከራ አድርግ። ከዚያ አራት ፎቶ ላክልኝ፤ የአፈሙዙን ጫፍ ከፊት፣ በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሙሉውን፣ የሰደፉን ቀኝ ጎን፣ የጠፍሩን ስፌት ከቅርብ። አንዱንም ዘይት ከማስነካትህ በፊት አንሳው። ስፌቱን የጠየቅኩህ በምክንያት ነው። ክሩ ጅማት ነው ወይስ የጣሊያን የስልክ ሽቦ የሚለውን ማየት እፈልጋለሁ። የስልክ ሽቦ ከሆነ ጥገናው የተሠራው በአምስቱ የወረራ ዓመታት ወይም ከዚያ ወዲህ ነው ለማለት ያስደፍረኛል። አጎትህን ግን ፎቶውን ሳትጠብቅ በዚህ ሳምንት ሄደህ አነጋግረው።